ቁፋሮው ሲያልቅ ለአካባቢው ሰው ምን ይቀራል?

ስለ ሉሲ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ይከብዳል። በ1974 ሃዳር ላይ እንደተገኘች፣ ካገኟት አንዱ ዶናልድ ጆሃንሰን የሚባል አሜሪካዊ እንደሆነ፣ ስሟም ከቢትልስ ዘፈን እንደተወሰደ ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቃለን። በአማርኛ ድንቅነሽ እንደምትባልም እናውቃለን። አፋሮች በራሳቸው ቋንቋ ምን እንደሚሏት ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? ሄሎማሊ ይሏታል። «ልዩ ናት» እንደማለት ነው።

የተገኘችው በእነሱ ምድር ነው። እሷ ወዳለችበት ሙዚየም መሄድ የፈለገ የአፋር ልጅ ግን አውቶቡስ ተሳፍሮ አዲስ አበባ መምጣት አለበት።

ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ነገር ነው። አዲስ ግኝት በተሰማ ቁጥር ዜናው «ኢትዮጵያ ውስጥ ይሄ ተገኘ» ብሎ ይጀምርና ስለ አጥንቱ፣ ስለ ዕድሜው፣ ስለ ፕሮፌሰሩ ተናግሮ ያበቃል። አፈሩን በወንፊት ሲነፋ የከረመው ልጅ፣ ቦታውን ያሳዩት ሽማግሌ፣ ካምፑ ውስጥ ምግብ ስታበስል የቆየችው እናት በዜናው ውስጥ ብዙ ጊዜ የሉም። እነሱስ ከዚህ ሥራ ምን አገኙ? ምንስ ቀረባቸው? እስቲ አብረን እንየው።

(ከመጀመራችን በፊት፦ «ዓ.ም.» ካላልን በስተቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ፣ ነገሩ ምንድን ነው?

አርኪዮሎጂ በአጭሩ የጥንት ሰዎች ጥለውት ከሄዱት ነገር ተነስቶ ኑሯቸውን ማወቅ ነው። የሸክላ ስባሪ፣ የከሰል ቅሪት፣ የግድግዳ መሠረት፣ የድንጋይ መሣሪያ ሁሉ ማስረጃ ነው። የሰውን ዘር አመጣጥ ከቅሪተ አካል የሚያጠናው ዘርፍ ፓሊዮአንትሮፖሎጂ ይባላል። ሁለቱም ሜዳ ላይ ከአካባቢው ሰው ጋር ስለሚሠሩ እዚህ አብረን እናነሳቸዋለን።

በድሮው አሠራር ነገሩ ቀላል ነበር። ቡድኑ ከዋና ከተማ ፈቃድ ያወጣል፣ በበጋ ወራት መኪናውን ጭኖ ይመጣል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ከመንደሩ ጥበቃ፣ ምግብ አብሳይና ቆፋሪ ይቀጥራል። ወሩ ሲያልቅ ድንኳኑን ነቅሎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የተገኘው ነገር በእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ ይታተማል። መንደሩ የሚሰማው በሬዲዮ ነው፤ ከሰማ።

የማህበረሰብ አርኪዮሎጂ የሚባለው ይህን ለመቀየር የመጣ አሠራር ነው። የአካባቢው ሰው ከመቆፈር አልፎ የት እንደሚቆፈር፣ ምን እንደሚጠየቅ፣ የተገኘው ነገር ምን ማለት እንደሆነና የት እንደሚቀመጥ አብሮ ይመክራል ይላል ሐሳቡ። ወረቀት ላይ ሲነበብ ደስ ይላል። መሬት ላይ ሲወርድ ግን ደረጃ ደረጃ አለው። አንዱ ቦታ ላይ «ማህበረሰቡን አሳትፈናል» ማለት አሥር ሰው በቀን ክፍያ መቅጠር ማለት ነው። ሌላው ቦታ ላይ ደግሞ ማህበረሰቡ ራሱ ነው ተመራማሪውን የሚጠራው።

እኛ በአራት ከፍለን እናሳያችሁ፦ የሚያገኝ፣ የሚያሳይ፣ የሚያስተምር እና የሚወስን። ሰው ከሥራው የሚያገኘው ነገር በአብዛኛው የሚለካው ከእነዚህ የትኛው ላይ እንደቆመ ነው።

1. የሚያገኝ

የካቲት 10 ቀን 2016፣ አፋር ክልል፣ ሚሌ ወረዳ፣ ሚሮ ዶራ የሚባል ቦታ። አሊ በሬይኖ የሚባል የአካባቢው የአፋር ሠራተኛ አንድ የላይኛው መንጋጋ አገኘ። የፕሮጀክቱ መሪ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ቦታው ላይ ፍለጋውን ሲቀጥሉ የቀረውም የራስ ቅል ተገኘ። ዕድሜው 3.8 ሚሊዮን ዓመት ነው። በነሐሴ 2019 ኔቸር የተባለው መጽሔት ላይ ሲወጣ የዓለም ሚዲያ ሁሉ ያንን ፊት አሳየ። ምክንያቱም ከሉሲ ዘመዶች በፊት የኖረው አውስትራሎፒቴከስ አናሜንሲስ የሚባለው ዝርያ ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር ከዚያ በፊት በደንብ አይታወቅም ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ለማግኘት ዲግሪ አይጠይቅም፤ ዓይን ይጠይቃል። አፋር ውስጥ ቅሪተ አካል በአብዛኛው የሚገኘው በጥልቅ ተቆፍሮ ሳይሆን መሬት ለመሬት በመሄድ ነው። በየዓመቱ ዝናብና ንፋስ አፈሩን ያጥበዋል፤ ተቀብሮ የነበረው ብቅ ይላል። ሰዎች ተደርድረው አንገታቸውን ደፍተው ቀስ ብለው ይሄዳሉ። ከሺህ ጠጠር መሃል አንዷን ጥርስ መለየት ነው ሥራው። ከልጅነቱ ጀምሮ ፍየል ተከትሎ እዚያ ሜዳ ላይ የኖረ ሰው ከየት ዝናብ እንደጣለ፣ የትኛው ገደል ዘንድሮ እንደተናደ ያውቃል። ባያውቅም ዳጉ አለ፤ አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን የሚለዋወጡበት ሥርዓት። ጂፒኤስ ይዞ የመጣ እንግዳ ይህ ሁሉ የለውም።

ታዲያ ሰውየው ምን ያተርፋል? አንደኛ ገንዘብ ነው፣ እሱን መደበቅ አያስፈልግም። ድርቅ ሲመጣ ከብት በሚያልቅበት አካባቢ የጥቂት ሳምንት ክፍያ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛ ሙያ ነው። አጥንትን ከድንጋይ፣ የጦጣን ጥርስ ከሰው ዘመድ ጥርስ መለየት በልምድ የሚመጣ ችሎታ ነው፤ ቡድኖችም በየዓመቱ ያንኑ ሰው ተመልሰው ይፈልጉታል። ሦስተኛ ስም ነው። የአሊ ስም ግኝቱ ለዓለም ሲነገር አብሮ ተነግሯል። «አንድ እረኛ አገኘው» ተብሎ ቢታለፍ ኖሮ ዛሬ እኛም አናውቀውም ነበር።

ስለ ስም ካነሳን አይቀር አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። አፋርኛ በሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ ገብቷል። አርዲፒቴከስ ራሚደስ ከሚለው ስም ውስጥ «አርዲ» መሬት፣ «ራሚድ» ሥር ማለት ነው። አውስትራሎፒቴከስ ጋርሂ የሚለው ላይ «ጋርሂ» ያልተጠበቀ፣ ድንገተኛ ማለት ነው። «ደይረመዳ» የቅርብ ዘመድ፣ «ካዳኑሙ» ትልቅ ሰው። ቶኪዮም ሆነ በርሊን ያለ ተማሪ ስለ ሰው ዘር አመጣጥ ሲያነብ ሳያውቀው አፋርኛ ያነባል።

ግን እዚህ ደረጃ ላይ ያለው ችግር ግልጽ ነው። ሥራው ወቅታዊ ነው። ቡድኑ ካልመጣ ክፍያ የለም። ፈቃድ፣ በጀት፣ ጸጥታ፣ ወረርሽኝ፣ ከአፋሩ ሰው ቁጥጥር ውጪ የሆነ ማንኛውም ነገር ሥራውን ያስቆመዋል። የተገኘውም ነገር ተጠቅልሎ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል።

2. የሚያሳይ

ሁለተኛው ደረጃ ላይ የአካባቢው ሰው ቡድኑን የሚመራው በእውቀቱ ነው። ሁለት ምሳሌ እንይ።

የመጀመሪያው ትግራይ ነው፤ የሓ አካባቢ። በማይክል ሃሮወር የሚመራ ቡድን የአክሱም ዘመን ሰፈሮችን ሲፈልግ የአካባቢውን ሰው እየጠየቀ ነበር። ሰዎቹ ደጋግመው ያነሱት አንድ ኮረብታ ነበር። ቦታው ትልቅ ቦታ እንደሆነ ከአባቶቻቸው ሰምተዋል፤ ለምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ከ2011 እስከ 2016 ሲቆፈር ከሥሩ አንድ የአክሱም ዘመን ከተማ ወጣ። ባዚሊካ የሚባለው ዓይነት ሕንጻ፣ የበሬ ራስ የተቀረጸበት የወርቅ ቀለበት፣ መስቀል ያለበት የድንጋይ ጌጥ። ቦታው ቤተ ሰማዕቲ ተባለ፤ በትግርኛ የአድማጮች ቤት እንደማለት ነው። ሰዎች ከ1,000 ዓመት በላይ ኖረውበታል።

ለመንደሩ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አያቶቻችሁ ሲነግሯችሁ የነበረው፣ ምናልባትም «ተረት ነው» ተብሎ የታለፈው ነገር፣ መሬት ሲከፈት እውነት ሆኖ ወጣ። የቃል ታሪክ ከዚያ በኋላ ዋጋው ይለወጣል፤ ልጆችም ሽማግሌን የሚሰሙበት ጆሮ ይለወጣል።

ጥናቱ በታኅሣሥ 2019 ታተመ። ዓመት ሳይሞላው በኅዳር 2020 ጦርነት መጣ። ለሁለት ዓመት ያህል ተመራማሪ ሊሄድ የሚችልበት አካባቢ አልነበረም። እንዲህ ባለ ጊዜ ቅርስን የሚጠብቀው ከአካባቢው ሰው ሌላ ማን አለ? ሰው «የእኔ ነው» ብሎ የማያምንበትን ነገር በክፉ ቀን አይጠብቅም። ማህበረሰብን ማሳተፍ ለይስሙላ የሚደረግ ጨዋነት ተደርጎ መታየት የሌለበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ጋሞ ነው። ካትሪን አርተር፣ ጆን አርተርና ማቲው ከርቲስ የተባሉ ተመራማሪዎች በጋሞ ደጋማ አካባቢ ከማህበረሰቡ ጋር ሲሠሩ ሽማግሌዎች በ2011 ሞጣ ወደምትባል ዋሻ ወሰዷቸው። በጦርነት ጊዜ ሰዎች የሚሸሸጉባት ዋሻ እንደነበረች ነግረዋቸዋል። በ2012 ሲቆፈር ድንጋይ የተከመረበት መቃብር ተገኘ፤ ውስጡም ከ4,500 ዓመት ገደማ በፊት የኖረ ሰው አጽም ነበር። በጋሞኛ «ባይራ» አሉት፤ የበኩር ልጅ ማለት ነው።

ዋሻው ቀዝቃዛና ደረቅ ስለነበር ዲኤንኤው ሳይበላሽ ቆይቷል። በ2015 ሳይንስ የተባለው መጽሔት ላይ ሲታተም ሙሉ ዘረመሉ የተነበበለት የመጀመሪያው ጥንታዊ አፍሪካዊ ባይራ ሆነ። በዓለም ላይ ስለ አፍሪካ ሕዝቦች የዘር ታሪክ የሚጻፉ ብዙ ጥናቶች ዛሬ ድረስ ይጠቅሱታል። መነሻው ግን «ኑ፣ አንድ ዋሻ እናሳያችሁ» ያሉት ሽማግሌዎች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። ጥናቱ ከታተመ ከወራት በኋላ አጥኚዎቹ ራሳቸው አንዱን ድምዳሜ አረሙ። ሁለት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ባለመናበባቸው ምክንያት፣ ከአፍሪካ ውጭ የመጣ ዘር በመላው አፍሪካ ተሰራጭቷል ያሉት ተጋኖ ነበር። ሳይንስ እንዲህ ነው፤ ይሳሳታል፣ ያርማል። ጥያቄያችን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ዜና በመላው ዓለም ሚዲያ ተሰማ። እርማቱ ግን በእንግሊዝኛ መጽሔት ነው የወጣው። ዋሻውን ላሳዩት ሽማግሌ እርማቱን በጋሞኛ ቁጭ ብሎ ማስረዳት የማን ሥራ ነው? የማህበረሰብ አርኪዮሎጂ «የእኔ ሥራ ነው» የሚል ተመራማሪ ይፈልጋል።

3. የሚያስተምር

እስካሁን ያየነው ሰው ሲያገኝና ሲያሳይ ነው። ሦስተኛው ላይ ወንበሩ ይገለበጣል፤ ፕሮፌሰሩ ተማሪ ይሆናል።

በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በጋሞና በኮንሶ ጭምር፣ ቆዳን በድንጋይ መፋቂያ የሚፍቁ ባለሙያዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በሥራ ላይ ነበሩ፤ ጥቂቶች ዛሬም አሉ። ድንጋዩን ይመርጣሉ፣ ይቀርጻሉ፣ እንጨት እጀታ ላይ ያስሩታል፣ ሲደንዝ መልሰው ያሾሉታል። በዓለም ላይ ይህን ሙያ ከእናት አባቱ ተምሮ ለኑሮው የሚጠቀም ሰው በጣም ጥቂት ነው። የድንጋይ ዘመን መሣሪያ ለሚያጠና ሰው ይህ የማይገኝ ትምህርት ቤት ነው። ስቲቨን ብራንትና ካትሪን አርተርን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች ለዓመታት አጠገባቸው ቁጭ ብለው ተምረዋል።

ኮንሶ ላይ ያገኙት ነገር ደግሞ ብዙ መጽሐፍ አስከልሷል። እዚያ ሥራውን በአብዛኛው የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። «የድንጋይ መሣሪያ የሠራው ወንዱ አዳኝ ነው» የሚለው የቆየ ግምት እነዚህ እናቶች ፊት ሲቆም ጥያቄ ውስጥ ወደቀ። ሙያው ደግሞ በአንድ ቀን የሚያዝ አይደለም፤ ዓመታት ይፈልጋል፣ በዕድሜ የገፉ ሴቶችም ጥበቡን በደንብ የተካኑት ናቸው።

አሁን ትልቁን ነገር አንርሳ። እነዚህ ሰዎች በራሳቸው አካባቢ የተናቁ ናቸው። «ፋቂ» የሚለው ቃል በአማርኛም ስድብ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ቀጥቃጩ «ቡዳ» ይባላል፤ ሸክላ ሠሪዋ ከሌላው ጋር አትጋባም። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር፤ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ስድቡ አልጠፋም። እንግዲህ ሰፈሩ የሚሸሻት አንዲት እናት ዘንድ ከባሕር ማዶ ሰው መጥቶ፣ እግሯ ሥር ተቀምጦ «እንዴት ነው የሚሠራው? አስተምሪኝ» ሲላት አስቡት። የምትሠራው ነገር እውቀት ተብሎ መጽሐፍ ውስጥ ሲገባ አስቡት።

ይህ ንቀቱን ያጠፋዋል ወይ? በአንዴ አያጠፋውም። ጎረቤት የጥናት መጽሔት አያነብም። ግን ንቀቱ የሚቆምበትን ምክንያት ይነቀንቀዋል። አንድ ተጨማሪ ማስረጃ እንጨምር። በአሪ ማህበረሰብ ውስጥ ቀጥቃጮች ከገበሬዎቹ በዘር የተለዩ፣ ከሌላ ጥንታዊ ሕዝብ የተረፉ ናቸው የሚል ግምት ነበር፤ ተመራማሪዎችም ሳይቀሩ አንስተውታል። በ2015 የታተመ የዘረመል ጥናት ግን ቀጥቃጮቹና ገበሬዎቹ ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ምንጭ የወጡ መሆናቸውን አሳየ። ዛሬ የሚታየው ልዩነት የመጣው ሰዎቹ ተገልለው እርስ በርሳቸው ብቻ በመጋባታቸው ነው። ማለትም «የተለዩ ስለሆኑ አገለልናቸው» ሲባል የኖረው ተገላቢጦሽ ነው፤ ስላገለሏቸው ነው የተለዩት። ያለፈውን ዘመን ማጥናት የዛሬን ሰው ኑሮ የሚነካው እንዲህ ነው።

4. የሚወስን

አራተኛው ደረጃ ላይ ማህበረሰቡ አለቃ ነው። ለዚህ በደንብ የሚታወቀው ምሳሌ ያለው አሜሪካ ስለሆነ ለአንድ አፍታ ወደዚያ እንሻገር።

በዋሽንግተን ግዛት፣ የፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ ላይ ማካ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ይኖራሉ። ከጥቂት መቶ ዓመታት በፊት ኦዜት የተባለው መንደራቸው በጭቃ ናዳ ተቀብሮ ነበር፤ ሽማግሌዎችም ይህን በቃል ያስተላልፉት ነበር። በ1970 ማዕበል ዳርቻውን ሸርሽሮ ቤቶቹን ገለጣቸው። መንገደኛ ዕቃ እያነሳ መውሰድ ሲጀምር የማካ መሪዎች ራሳቸው አርኪዮሎጂስት ጠሩ፤ ሪቻርድ ዶኸርቲ የሚባል ፕሮፌሰር። ቁፋሮው 11 ዓመት ፈጀ፤ ከ55,000 በላይ ዕቃ ወጣ። እርጥብ ጭቃው እንጨቱን፣ ቅርጫቱን፣ ገመዱን ሳይቀር ጠብቆት ነበር።

ከሁሉ በላይ ለውጥ ያመጣው ግን የተገኘው ዕቃ ከማካ ምድር እንዳይወጣ መደረጉ ነው። በ1979 በራሳቸው መንደር ሙዚየም ተከፈተ። የማካ ወጣቶች ከቁፋሮው እስከ ዕቃ አጠባበቁ ሠሩ፤ ሽማግሌዎች «ይሄ ለዚህ ነበር፣ ስሙም ይሄ ነው» እያሉ ዕቃውን አስረዱ። መጋዘኑ ውስጥ ዕቃው የሚደረደረው በማካ ቋንቋ አመዳደብ ነው። ስለዚህ ዕቃውን የሚያጠና ሁሉ ቋንቋውንም ይማራል ማለት ነው።

ልዩነቱን አያችሁ? ቁፋሮው ካበቃ 40 ዓመት አልፎታል። ሙዚየሙ አለ፣ ሥራው አለ፣ ለልጆች የሚያስተምር ሰው አለ። ድንኳኑ ሲነቀል ነገሩ አላበቃም።

ለአእምሮስ ይጠቅማል?

ይጠቅማል የሚሉ አሉ፤ ማስረጃም እያመጡ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የመከላከያ ሚኒስቴሩ ኦፕሬሽን ናይቲንጌል የሚባል ፕሮግራም አለው። ከጦርነት በአካል ወይም በአእምሮ ተጎድተው የተመለሱ ወታደሮች አርኪዮሎጂ ቁፋሮ ላይ ይሠራሉ። ዋተርሉ አንከቨርድ የሚባል ድርጅትም ከ2015 ጀምሮ የቀድሞ ወታደሮችን ናፖሊዮን የተሸነፈበት የጦር ሜዳ ላይ ያስቆፍራል። በ2020 አንቲኩቲ የተባለው የአርኪዮሎጂ መጽሔት ላይ የወጣ ግምገማ ከቁፋሮው በኋላ የተሳታፊዎቹ ጭንቀት፣ ድባቴና የብቸኝነት ስሜት መቀነሱን አሳይቷል። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ትንሽ ስለነበር «ቁፋሮ መድኃኒት ነው» ብለን አንጩህ። ግን ለምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አይከብድም።

ሥራው እንዲህ ነው። መሬቱ በገመድ በካሬ ይከፈላል። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ካሬ አለው። በትንሽ ማንኪያ መሰል ብረት ስስ ስስ አድርጎ ይጠርጋል፤ አፈሩን በባልዲ ለጓደኛው ያቀብላል፤ ጓደኛው በወንፊት ይነፋል፤ ሌላው ቁጥር ጽፎ ከረጢት ውስጥ ይከታል። አይቸኮልም። እጅ ይሠራል፣ ሐሳብ ያርፋል። ወሬ ይነሳል፤ ማውራት ያልፈለገም ዝም ብሎ መሥራት ይችላል፣ ማንም ለምን አይለውም። የአንዱ ሥራ ሌላው ከሌለ አይሆንም። ደቦ ያየ ሰው ይህ ስሜት አዲስ አይሆንበትም።

እኛም ሀገር ከጦርነት የተመለሱ፣ ከቀያቸው ተፈናቅለው የኖሩ ብዙ ወጣቶች አሉ። ቅርስም ሞልቷል። ሁለቱን ማገናኘት ይቻል ይሆን? ቢታሰብበት አይከፋም።

ብዙ የማይነገረው ጎን

ሁሉም ነገር ጥሩ ነው ብለን ብንጨርስ እውነቱን ጎደሎ እናደርገዋለን። አንድ መንደር ቁፋሮ ሲገባበት የሚመጡ ጣጣዎች አሉ።

አንደኛው ቅናትና ቅሬታ ነው። አሥር ሰው ተቀጥሮ ሃምሳው ሲቀር «የማን ዘመድ ገባ?» የሚል ወሬ ይነሳል። ተመራማሪው መንደሩን ስለማያውቅ ቀጣሪው ማለትም አስተርጓሚው ወይም አንድ ተሰሚ ሰው ይሆናል፤ የመንደሩ የቆየ አድልዎም ካምፑ ውስጥ ይገባል። የተናቁት ደግሞ እዚያም ይቀራሉ።

ሁለተኛው ያልተፈጸመ ተስፋ ነው። ሰው መኪናና ካሜራ ሲያይ መንገድ ይመጣል፣ ቱሪስት ይመጣል፣ ትምህርት ቤት ይሠራል ብሎ ይጠብቃል። ማንም ቃል ባይገባም ይጠብቃል። ካልመጣ የሚቀጥለው ቡድን የሚገባው በቂም መሃል ነው።

ሦስተኛው ክፍያው ራሱ ነው። ግብፅ ውስጥ ፍሊንደርስ ፔትሪ የተባለው እንግሊዛዊ በ1890ዎቹ ከቁፍት ከተማ ሠራተኞችን አሠልጥኖ ነበር፤ ዕቃ ላገኘም ጉርሻ ይከፍል ነበር፣ ወደ ነጋዴ እንዳይሄድ። የእነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ቁፋሮን የቤተሰብ ሙያ አድርገውት ዛሬም በመላው ግብፅ ይጠራሉ። ሙያ ተረፈ ማለት ነው። ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሲቆፍሩ በመጻሕፍቱ ሽፋን ላይ የሌላ ሰው ስም ነበር። በዚያ ላይ ላገኘው ዕቃ ብቻ የሚከፈለው ሰው ያገኘውን ከቦታው አንስቶ ሊያመጣ ይችላል። ያ ደግሞ ትልቅ ጉዳት ነው። ምክንያቱን አሁን እንንገራችሁ።

እናንተ ብታገኙስ?

ማሳ ስትቆፍሩ፣ የቤት መሠረት ስታወጡ፣ ተራራ ስትወጡ የሆነ ጥንታዊ ነገር ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙዎቻችን አንስተን ፎቶ እንነሳለን። ችግሩ ዕቃው ብቻውን ብዙ አይናገርም። የሚናገረው የተኛበት አፈር ነው፤ በየትኛው ንብርብር እንደነበር፣ አጠገቡ ከሰል ወይም አጥንት እንደነበር፣ ወደየት እንደተጋደመ። አንዴ ከተነሳ ይህ ሁሉ ጠፋ፤ መልሶ ማስቀመጥ አይመልሰውም።

ስለዚህ፦

• አታንሱት። ባለበት ሆኖ ፎቶ አንሱ፤ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ እስክሪብቶ አስቀምጡ።
• ስልካችሁ ላይ የቦታውን ሎኬሽን ያዙ። ሶሻል ሚዲያ ላይ ግን ሎኬሽኑን አትልቀቁ፤ ቅርስ ዘራፊም ስልክ አለው።
• ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አሳውቁ።
• ራሳችሁ አትቆፍሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ (ቁጥር 209) ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል። በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅም ያዛል፤ ላስረከበ ሰው ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠውም ይላል።

ቁፋሮ ወደ መንደራችሁ ከመጣ ደግሞ ለመቀጠር ብቻ አትሰለፉ። ጠይቁ። የሚገኘው ነገር የት ይሄዳል? ቅጂው እንኳ እዚህ ይቀመጣል ወይ? ውጤቱን ተመልሳችሁ በቋንቋችን ትነግሩናላችሁ ወይ? ያገኘው ሰው ስም ይጻፋል? ከመሃላችን ለመማር የሚፈልግ ወጣት ብታገኙ ታሠለጥኑታላችሁ? ሥራተኞቹ ሴቶችንና የተገለሉትን ይጨምራሉ ወይ?

እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ጥሩ ተመራማሪም ደስ ይለዋል። በጥር 2013 ሌዲ ገራሩ ላይ የ2.8 ሚሊዮን ዓመት መንጋጋ ያገኘው ቻላቸው ስዩም ያኔ ተማሪ የነበረ ኢትዮጵያዊ ነው። ቀጣዩን የሚያገኘው፣ ከዚያም አልፎ ምን እንደሚጠየቅና የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው፣ ይህን ጽሑፍ አሁን በስልኩ የሚያነብ ሰው ሊሆን ይችላል።

በእናንተ አካባቢ ሽማግሌዎች «ትልቅ ቦታ ነው» የሚሉት፣ ምክንያቱ ግን የማይታወቅ ኮረብታ፣ ዋሻ ወይም ፍርስራሽ አለ? ታሪኩን ኮመንት ላይ ጻፉልን። ሎኬሽኑን ግን ለራሳችሁ ያዙት።